ዜናውን ሁሉ አነባለሁ፤ ፈተናው ላይ ግን ባዶ እሆናለሁ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በማኔጅመንት ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አመለክታለሁ። ባንኮች ለጽሑፍ ፈተና ጠርተውኛል፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ጠርቶኛል። ሒሳቡና እንግሊዝኛው ብዙም አያስቸግረኝም። የሚጥለኝ ጠቅላላ ዕውቀት የሚሉት ነው፤ በተለይ ወቅታዊ ጉዳይ።

ሰንፌ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የማልከተለው ቻናል የለም። ስልኬ በስክሪንሾት ከመሙላቱ የተነሳ ፎቶ ማንሳት አልቻለም። «500 የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች» የሚል ፒዲኤፍ ጓደኛዬ ልካልኝ ከዳር እስከ ዳር ሸምድጃለሁ። ፈተናው ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ይደባለቅብኛል። ባለፈው «የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ማን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። በሁለት ስም መካከል ስዋልል ቆይቼ የተሳሳተውን አጠቆርኩ። ወጥቼ ሳይ መልሱ ስልኬ ውስጥ በስክሪንሾት አለ! አለቀስኩ።

ሌላም አለ። የምኖረው ደሴ ነው። ዜና በከፈትኩ ቁጥር የማየው ነገር ልቤን ያደክመዋል። አንዳንድ ቀን አንብቤ ስጨርስ ማጥናት ያቅተኛል። አንድ ቻናል ደግሞ «የዘንድሮ የባንክ ፈተና ከነመልሱ» እያለ ገንዘብ ይጠይቃል። እናቴ ልክፈልልሽ ብላኛለች። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ፈተና ይጠብቀኛል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ እያሳደድሽ፣ ለፈተና እየተመላለስሽ፣ አሁንም «ምን ይሻለኛል?» ብለሽ መጠየቅሽ ብርታት ነው።

እኔ እንደማየው ያነበብሽው አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል። ዜናውን ትሰበስቢዋለሽ እንጂ አትከታተይውም። ስክሪንሾት ያነሳሽውን ነገር አእምሮሽ «ስልኩ ይዞታል» ብሎ ይተወዋል። ፒዲኤፉን ስትሸመድጂ ደግሞ አንዱ መልስ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ክር የለውም። ክር የሌለው ነገር ደግሞ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ልብ ሲመታ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ያስለቀሰሽን ጥያቄ እንውሰድ። ያዋለሉሽ ስሞች እነማን እንደነበሩ አልጻፍሽልኝም፤ ግን መገመት እችላለሁ። የአፍሪካ ኅብረት ሁለት ሊቀ መንበር አለው። አንዱ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ነው፤ የአንድ አገር መሪ ሆኖ በየዓመቱ በየካቲቱ የመሪዎች ጉባኤ ይቀያየራል። ሌላው የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጦ የዕለት ሥራውን የሚመራው፣ የሥራ ዘመኑም አራት ዓመት የሆነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 2025) ጉባኤ ሁለቱም ወንበሮች ሰው ቀየሩ። የአንጎላው ፕሬዚዳንት ዣዋዎ ሎሬንሶ የኅብረቱን ተረከቡ። የጅቡቲው ማህሙድ አሊ ዩሱፍ ደግሞ ለኮሚሽኑ ተመረጡ።

እዚህ ላይ ብታቆሚ ሁለት ስም ሸመደድሽ ማለት ነው፤ በሳምንቱ ይደባለቃሉ። ትንሽ ቆፍሪ። ከዩሱፍ በፊት ማን ነበር? የቻዱ ሙሳ ፋኪ ማሃማት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት የሥራ ዘመን አገልግለው የወረዱ። ዩሱፍ ማንን አሸነፉ? የኬንያውን ራይላ ኦዲንጋንና የማዳጋስካሩን ሪቻርድ ራንድሪያማንድራቶን። ለምን ሦስቱም ከወደዚህ ወገን ሆኑ? ወንበሩ በክልል ስለሚዞርና ያን ጊዜ ተራው የምሥራቅ አፍሪካ ስለነበር። ምክትሏስ? አልጄሪያዊቷ ሰልማ ማሊካ ሃዳዲ፤ ምክትልነቱ የሰሜን አፍሪካ ተራ ነበርና። ዩሱፍ ከመመረጣቸው በፊት ለረጅም ዓመታት የጅቡቲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ምርጫውም ሰባት ዙር ፈጅቷል።

አየሽ? ይህ ታሪክ ነው። ታሪክ ሲሆን አንዱ ሌላውን ይጠራል። ከዚህ በኋላ የኮሚሽኑን ሊቀ መንበር ከኅብረቱ ጋር ብታምታቺ ይገርመኛል።

አሁን ደግሞ ጥያቄ የሚያወጣው ሰው ምን እንደሚያስብ ልንገርሽ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አውርቻለሁ። ትልቁ ፍርሃታቸው ቅሬታ ነው። ተፈታኝ መጥቶ «መልሱ ስህተት ነው» ቢል የሚያሳዩት ሰነድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሚጠይቁት የረጋ ነገር ነው፤ የወጣ አዋጅ፣ የጸደቀ ሹመት፣ የተመረቀ ፕሮጀክት፣ የተፈረመ ስምምነት፣ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት። ሁለት ወገን ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚናገርለትን ነገር አይነኩትም። ዛሬ ጠዋት የተሰማ ወሬም አይገባም፤ ጥያቄው ከፈተናው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ታሽጓልና። በዋዜማው ሌሊት ቻናል ስታስሺ ማደርሽ እንቅልፍሽን ከማሳጣት በቀር የሚያመጣልሽ ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢልኝ። አንድ ጥያቄ አራት ምርጫ አለው። ትክክለኛው አንድ ነው። ሦስቱን የተሳሳቱ ምርጫዎች ከየት ያመጧቸዋል? ከትናንት እውነት! «የብሔራዊ ባንክ ገዥ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ምርጫው ውስጥ ይናገር ደሴንም ማሞ ምሕረቱንም ይጨምራል። ሁለቱም በየጊዜያቸው ትክክለኛ መልስ ነበሩ። ይናገር ደሴ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም.፣ ማሞ ምሕረቱ ከዚያ እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ፣ ቀጥሎም እዮብ ተካልኝ። ስለዚህ አዲስ ሹመት ስትሰሚ የተሾመውን ብቻ አትጻፊ። ከአጠገቡ የወረደውን ጻፊ። የወረደው ወዴት እንደሄደ ካወቅሽ ደግሞ እሱንም። ፕሬዚዳንት ታዬ አጽቀ ሥላሴ በመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳህለ ወርቅ ዘውዴን ሲተኩ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ነው የመጡት፤ በእሳቸው ቦታ ጌዴዎን ጢሞቴዎስ ገቡ። በአንድ መስመር ሦስት ሹመት ያዝሽ ማለት ነው።

የጓደኛሽ ፒዲኤፍ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደተዘጋጀ አይታወቅም። እነዚህ ፒዲኤፎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ዓመታት ያልፋሉ፤ ውስጣቸው ያለው መልስ ግን አይታደስም። በሦስት ነገር ፈትኚው። ኢትዮጵያ ስንት ክልል አላት ይላል? ዘጠኝ ካለ ሲዳማ በ2012 ክልል ከመሆኑ በፊት የተጻፈ ነው። አሥር ወይም አሥራ አንድ ካለም አርጅቷል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በ2014 መጣ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተለያይተው የድሮው የደቡብ ክልል ስሙም አብሮ ቀረ። አሁን 12 ክልልና ሁለት የከተማ አስተዳደር ነው። ቀጥለሽ ዩኔስኮን እይ። ዘጠኝ የዓለም ቅርስ ካለ ባሌ ተራሮችን፣ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድርና መልካ ቁንጡሬን አያውቃቸውም፤ ሦስቱም በ2016 ዓ.ም. ነው የተመዘገቡት፤ አሁን 12 ናቸው። ሦስተኛው የሕዳሴ ግድብ ነው። የማመንጨት አቅሙ ሲነገር መጀመሪያ 5,250 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከዚያ 6,000፣ ከዚያም 6,450 ተባለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ በ13 ተርባይን። አራቱም ቁጥሮች አንድ ጥያቄ ላይ ተሰልፈው ቢጠብቁሽ አይግረምሽ።

ፒዲኤፉ ከእነዚህ በሁለቱ ከወደቀ አጥፊው። እውነቴን ነው፤ ከስልክሽ አጥፊው። የሸመደድሽውን ስህተት ማስለቀቅ አዲስ ነገር ከመማር ይከብዳል።

እሺ፣ ምን ላድርግ ትያለሽ። ስድስት ወይም ሰባት ክር ምረጪ። ከዚያ አትለፊ። ምርጫሽን ደግሞ የምትፈተኚበት መሥሪያ ቤት ይወስን። ለባንክ ከሆነ የውጭ ምንዛሪው፣ የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ፣ የውጭ ባንኮች መግባት፣ የካፒታል ገበያውና የመንግሥት በጀት ዋናዎቹ ናቸው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በተለይ ለውጭ ጉዳይ ዓይነቱ ከሆነ፣ ዓባይ፣ የባሕር በር፣ ብሪክስ (እነ ቻይና፣ ሩሲያና ሕንድ ያሉበት የአገሮች ስብስብ) እና የአፍሪካ ኅብረት ይቀድማሉ። አንድ ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ክር ጥቂት ገጽ ተይለት። በእጅሽ ጻፊ፤ ኮፒ ፔስት አይሆንም።

የውጭ ምንዛሪውን ገጽ አብረን እንሙላው። ለባንክ ተፈታኝ ከዚህ የሚበልጥ ክር የለም።

መጀመሪያ «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሚለውን ጻፊ። ተመኑን የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ነበር። በሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ደግሞ የዚያ እጥፍ ገደማ ነበር። አስመጪ ለዶላር ወረፋ ይጠብቃል፤ ላኪ ያገኘውን ዶላር ለባንክ ማምጣት አይጥመውም፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብም በጎን መንገድ ይገባል። ከዚያ «ምን ሆነ?» በይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29 ቀን 2024፣ ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ቀን ዶላር በባንክ ከ70 ብር በላይ ወጣ፤ ነሐሴ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። «ለምን በዚያ ቀን?» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዚያው ቀን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ፤ በማግስቱ የዓለም ባንክ በእርዳታና በብድር 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ማሻሻያው የዚህ ስምምነት አካል ነበር። መጨረሻ ላይ «ከምን ጋር ይያያዛል?» ብለሽ ጻፊ። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ሐምሌ ወር የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን ወደሚመራ አሠራር ቀይሮ የፖሊሲ ወለዱን (እሱ ራሱ የሚወስነውን መነሻ ወለድ) 15 በመቶ አድርጎ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2015፣ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ገደቡን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ወለዱም ገደቡም የዋጋ ንረትን ለመያዝ ነው።

ገጹ ሲሞላ እናትሽን ጥሪያት። «ዶላር ለምን ጨመረ?» የሚለውን በራስሽ ቃል አስረጂያት። «ታዲያ ዘይት ለምን ተወደደ?» ብላ ብትጠይቅሽና ብትመልሺላት፣ ያ ገጽ የአንቺ ሆኗል። «እንጃ» ካልሽ የጎደለው የቱ እንደሆነ አወቅሽ፤ ተመለሽና ሙዪው። እኔ ከዚህ የተሻለ የጥናት ዘዴ አላውቅም። ለቃል ፈተናውም ይሆንሻል። የጽሑፉን ፈተና አልፈሽ ኢንተርቪው ስትገቢ የሚጠይቁሽ ቀኑን አይሆንም፤ «ይህ ለውጥ ለባንካችን ምን ትርጉም አለው?» ነው የሚሉሽ።

ሌሎቹን የባንክ ገጾች በዚህ መልክ ራስሽ ሙዪ። መነሻ ልስጥሽ። የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮችን የሚያስገባውን የባንክ ሥራ አዋጅ ያጸደቀው በታኅሣሥ 2017 ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ (አክሲዮን የሚገበያይበት) ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ሲሆን መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ብሎ፣ ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ድረስ እንዲያሟሉ ተነገራቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጪና «ለምን አብረው መጡ?» ብለሽ አስቢ። ትልቅ የውጭ ባንክ ሊመጣ ነው፤ የአገር ውስጡ ባንክ ካፒታል ያስፈልገዋል፤ ካፒታል የሚሰበሰብበት ገበያ ደግሞ ተከፈተ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ፈተና ከሞከርሽ ዓባይን አትዝለዪ። ግድቡ ላይ ብቻ አትቁሚ፤ የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ተከፍቶ፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ አጽዳቂ ስትሆን ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ የብሪክስ አባል ናት። በዚያው ቀን ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በታኅሣሥ ወር፣ ሰነዱ ካስቆጣት ከሶማሊያ ጋር በቱርክ አደራዳሪነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። ወደፊት የሚመጣውንም ጻፊ፤ የተመድ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል።

ስለ ቀን ሳነሳ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኛ አገር የሚፈተን ሰው ብቻ የሚያውቀው። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ዜናውን በአማርኛ በእኛ አቆጣጠር ትሰሚያለሽ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ በፈረንጆቹ ይጠይቅሻል። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸው ውስጥ እስኪገቡ ልዩነቱ 7 ነው። ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ከላይ ያልኩሽን የባንክ አዋጅና የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እይ። በመካከላቸው አንድ ወር እንኳ የለም፤ በእኛ ሁለቱም 2017 ናቸው። በፈረንጆቹ ግን አዋጁ 2024፣ ገበያው 2025 ነው። በጭንቅላትሽ ስምንት እየደመርሽ ከሄድሽ አንዱን ትስቻለሽ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደብተርሽ ላይ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም ጻፊ። በጀት ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ወጥመድ ይጨመራል። የ2018 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ነው። «የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር» ሲባል የጸደቀው በ2018 እንዳይመስልሽ።

ቋንቋውንም እንዲሁ አድርጊ። «የገንዘብ ፖሊሲ» ብለሽ አንብበሽ «ሞኒተሪ ፖሊሲ» ሲመጣብሽ እንዳትደነግጪ፣ የተቋማቱን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጎን ለጎን ያዢ። ለዚህ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድን አልፎ አልፎ ማንበብ ይጠቅማል።

ከየት ላንብብ ካልሽ፣ ምንጭሽን አሳንሺ። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ ይወጣል፤ የእሑዱን ብቻ በደንብ ብታነቢ የሳምንቱ ኢኮኖሚ በእጅሽ ነው። አዲስ ዘመን ለሹመት፣ ለምርቃትና ለመንግሥት ውሳኔ ጥሩ ነው። የሥራ ማስታወቂያውንም እግረ መንገድሽን ታያለሽ። ጋዜጣ መግዛት ከከበደሽ ከተማሽ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ጠይቂ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሬድዮ አለ፤ የማታውን ዋና ዜና ሰምተሽ ሁለት መስመር ጻፊ። ለባንክ ፈተና የብሔራዊ ባንክን ድረ ገጽ በወር ሁለቴ እይው፤ መመሪያዎቹና ሪፖርቶቹ እዚያ ናቸው። ጥያቄ አውጪው መልሱን የሚያመሳክረው በእነዚህና በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ አንቺም እዚያው አመሳክሪ። ቴሌግራሙን ዝጊው አልልሽም። ሁለት ቻናል አስቀሪና ሌላውን ውጪ። ከሁለቱም የምትፈልጊው ጥቆማ ብቻ ነው፤ «ይህ ነገር ተከስቷል» የሚል። ዝርዝሩን ከምንጩ ሄደሽ ታነቢያለሽ።

ስፖርት፣ ሽልማት፣ ቅርስ የመሳሰሉት ላይ ብዙ ቀን አታቃጥዪ። ታምራት ቶላ በፓሪስ 2024 ማራቶን በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አገኘ፤ የዚያ ኦሊምፒክ ብቸኛ ወርቃችን ነበር፣ ከሦስት ብር ጋር። ይህን ዓይነቱን ነገር ከደብተሩ ጀርባ በአንድ መስመር ጽፈሽ እለፊ።

ስለ ልብሽ ድካም የጻፍሽውን አልረሳሁትም። ወሎ ውስጥ ተቀምጠሽ በዚህ ዘመን ዜና ያለ ሥጋት ማንበብ እንደማይቻል አውቃለሁ። የሚነገረው የሩቅ አገር ነገር አይደለም፤ የምታውቂው መንገድ፣ የምታውቂው ሰው ነው። ስለዚህ «ጠንክሪ፣ አንብቢ» አልልሽም። ሁለቱን ለይያቸው። የጥናት ዜናሽን ጠዋት፣ ከጋዜጣና ከደብተር ጋር፣ በተወሰነ ሰዓት አንብቢ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከሥሩ ያለውን አስተያየት አትክፈቺ፤ ስድቡም ወሬውም እዚያ ነው። ስለ ዘመድሽ ወይም ስለ አካባቢሽ የሰማሽው ነገር ካስጨነቀሽ ስልክ አንሺና ደውዪ። የሰው ድምፅ መስማት ስክሪን ከማገላበጥ ይሻላል። ከምሽቱ በኋላ ዜና ይቅር። ቀደም ብዬ እንዳልኩሽ፣ ያ የሚያስጨንቅሽ ትኩስ ወሬ ለፈተና አይመጣም። ባታነቢው ነጥብ አይቀነስብሽም። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ፤ አያሳፍርም።

ለእናትሽ ንገሪያት፤ ለዚያ ቻናል አምስት ሳንቲም እንዳትከፍል። እነዚህ ሰዎች ያለፉ ዓመታት ጥያቄ ላይ የባንክ አርማ ለጥፈው ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ መልሱም ስህተት ነው። ከከፈልሽ በኋላ ቻናሉ ይጠፋል ወይም «ሙሉውን ለማግኘት ጨምሪ» ይላል። በአንድ አጋጣሚ እውነተኛ ፈተና ሾልኮ ቢወጣ እንኳ፣ ሲታወቅ ፈተናው ይሰረዛል፤ ይዞ የተገኘም ይባረራል። ያንቺ ሁለት ዓመት ለዚህ አይዳረግም። የድሮ ጥያቄ የምትፈልጊው የአጠያየቁን ዓይነት ለማወቅ ከሆነ፣ ባለፈው አብረውሽ የተፈተኑትን ልጆች ጠይቂ። በነፃ ይነግሩሻል። እንዲያውም ከመካከላቸው አንድ ሁለቱን ይዘሽ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። እያንዳንዳችሁ አሥር ጥያቄ ከነአራት ምርጫው አዘጋጅታችሁ ኑ። የተሳሳተ ምርጫ ራስሽ ፈልገሽ ስትጽፊ ወጥመዱ የት እንደሚቀመጥ ይገባሻል።

ሁለቱን ወር እንዲህ ክፈያቸው። በመጀመሪያው ወር ክሮቹን ሙዪ፤ ወደ ኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሂጂ። በሁለተኛው ወር አዲስ ክር አትክፈቺ። ደብተሩን ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ፤ የተቀየረ ሹመት ወይም ቁጥር ካለ አርሚ። የመጨረሻውን ሳምንት ለሒሳቡ ስጪው። «አያስቸግረኝም» ብለሻል፤ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ የባንክ ፈተና ላይ ሰዓት የሚያልቀው እዚያ ነው። ፍጥነት ያለ ልምምድ ይጠፋል። ጠቅላላ ዕውቀት አንድ ክፍል ነው፤ እሱን ስታሳድጂ የያዝሽውን እንዳትለቂ።

ፈተናው ያለቀ ዕለት ማታ ሳትተኚ፣ የምታስታውሺውን ጥያቄ ሁሉ ደብተርሽ መጨረሻ ላይ ጻፊ። መልሱን ያወቅሽውንም ያላወቅሽውንም። ከስንቱ ስንቱ ከያዝሻቸው ክሮች እንደመጣ ቁጠሪ፤ ለሚቀጥለው የትኛውን ክር እንደምትጨምሪ ከዚያ ታያለሽ። ለኢንተርቪው ከጠሩሽ ደግሞ ይህንኑ ገጽ ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ቃል ፈተናው ብቻ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።